አንድ ራውተር፣ ብዙ ኔትወርክ፦ የጋራ መስመር ላይ ትራፊክን በቪአርኤፍ የመለየት አሠራር

አንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ድርጅቶች አሉ እንበል። የጥበቃ ካሜራዎችም አሉ። ኬብሉ የጋራ ነው። ስዊቹም ራውተሩም የጋራ ነው። ግን አንዱ የሌላውን ኮምፒውተር ማየት የለበትም፤ ካሜራዎቹንም ማንም እንደፈለገ መንካት የለበትም። ለእያንዳንዱ የየራሱን ራውተር መግዛት ይቻላል። ሦስት ዕቃ ማስተዳደር ግን ሦስት እጥፍ ሥራ ነው፤ ቦታውና መብራቱም ሌላ ጣጣ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቪላንን፣ ማለትም አንድን ስዊች በቁጥር ወደ ተለያዩ ኔትወርኮች የመክፈል ዘዴን፣ ነው። አሳቡ ትክክል ነው፤ የሚያደርሰው ግን ግማሽ መንገድ ድረስ ብቻ ነው። ቪላን የሚለየው ስዊች ላይ ነው። ትራፊኩ ራውተሩ ጋ ሲደርስ ሁሉም ቪላን አንድ ራውቲንግ ቴብል (የመንገዶች ሰንጠረዥ) ውስጥ ይገናኛል። ራውተር ደግሞ መንገዱን ካወቀ ያሳልፋል፤ የተሠራው ለዚያ ነው። ስለዚህ ሰው አክሰስ ሊስት መጻፍ ይጀምራል፦ ይሄ ወደዚያ አይለፍ፣ ያ ወደዚህ አይምጣ። ዝርዝሩ በየወሩ ይረዝማል። አንድ አዲስ ቪላን ተጨምሮ ክልከላው የተረሳ ቀን፣ በሩ ክፍት ሆኖ ያድራል። ማንም አያውቅም፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ይሠራል።

ቪአርኤፍ የሚነሳው ከሌላ ቦታ ነው። ሙሉ ስሙ ቨርቹዋል ራውቲንግ ኤንድ ፎርዋርዲንግ ነው። አንዱ ራውተር ውስጥ ብዙ ራውቲንግ ቴብሎች ይፈጠራሉ። እያንዳንዱ ኢንተርፌስ (የራውተሩ መግቢያና መውጫ) የአንዱ ብቻ ይሆናል። በዚያ ኢንተርፌስ የገባ ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) የሚታየው በዚያ ቴብል ብቻ ነው። ቀይ የተባለው ቡድን ሰማያዊን የማያገኘው ተከልክሎ አይደለም። ሰማያዊ የሚባል ነገር መኖሩን ስለማያውቅ ነው። ይህቺን ልዩነት ያዙልኝ። ቀጥሎ የምንሠራው ሥራ በሙሉ ያንን አለማወቅ መፍጠርና መጠበቅ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንጠቀምበት ምሳሌ ይኸው። ቀይ የመጀመሪያው ድርጅት ነው፤ አድራሻው 10.1.0.0/16። ሰማያዊ ሁለተኛው ነው፤ 10.2.0.0/16። ካሜራዎቹ 10.3.0.0/16 ላይ ናቸው። ሁሉም የሚጠቀሙባቸው የዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉም አገልግሎት) እና የሰዓት ሰርቨሮች 10.9.0.0/24 ላይ ተቀምጠዋል፤ ይህን «የጋራ» እንለዋለን።

መጀመሪያ ወረቀት

ኪቦርድ ከመንካታችሁ በፊት አንድ ሰንጠረዥ ሥሩ። በግራ በኩል ቡድኖቹን፣ ከላይም እነዚያኑ ቡድኖች ጻፉ። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ «ይገናኛሉ» ወይም «አይገናኙም» በሉ። «ምናልባት» የሚል ሳጥን ካለ ሥራውን አትጀምሩ። የሚመለከተውን ሰው ጠይቃችሁ ወደ አንዱ አምጡት። እኔ እስካሁን ካየኋቸው የተበላሹ አሠራሮች አብዛኞቹ የተበላሹት በትዕዛዝ ስህተት አይደለም። ማን ከማን ጋር መገናኘት እንዳለበት ማንም ሳይወስን ስለተጀመሩ ነው።

«ይገናኛሉ» የሚለው ሳጥን ከበዛ ደግሞ ቆም በሉ። ሁለት ቡድኖች ቀኑን ሙሉ መረጃ የሚለዋወጡ ከሆነ በሁለት ቪአርኤፍ መክፈል ትርፉ ድካም ነው። አንድ ላይ አድርጋችሁ መሃላቸው ፋየርዎል ብታስገቡ ይሻላል። ቪአርኤፍ የሚያምረው ግንኙነቱ ጥቂት ወይም ዜሮ በሆነበት ቦታ ነው።

እግረ መንገዳችሁን ዕቃችሁን አጣሩ። ቪአርኤፍ የማይችሉ ስዊቾች አሉ። የሚችሉትም ላይ አንዳንድ ጊዜ ከፍ ያለ ላይሰንስ ይጠይቃል፤ ስንት ቪአርኤፍ እንደሚይዙም ገደብ አላቸው። መንገዶቹ የሚቀመጡበት የሃርድዌር ማህደረ ትውስታ ለሁሉም ቪአርኤፍ የጋራ ነው። አንዱ ቡድን ብዙ መንገድ ከጫነ የሌላውን ቦታ ይበላል።

አድራሻ

ቪአርኤፍ ከሚሰጣቸው ነገሮች አንዱ ተመሳሳይ አድራሻን ማስተናገድ ነው። ቀይም ሰማያዊም 192.168.1.0/24 ቢጠቀሙ ራውተሩ ግራ አይጋባም፤ ቴብሉም የኤአርፒ ዝርዝሩም (የትኛው አይፒ የየትኛው ካርድ እንደሆነ የሚይዘው) የየራሳቸው ነውና። ሁለት ድርጅቶች ሲዋሃዱ ወይም ተከራይ የራሱን አድራሻ ይዞ ሲመጣ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሆኖም መምረጥ ከቻላችሁ የተለያየ አድራሻ ስጡ። ዛሬ የማይገናኙ ቡድኖች ነገ አንድ ሰርቨር መጋራት ይፈልጋሉ። በዚያን ቀን ሁለቱም 192.168.1.0/24 ከሆኑ፣ ሰርቨሩ መልሱን ለየትኛው እንደሚልክ አያውቅም። መሃል ላይ ናት ማድረግ፣ ማለትም አድራሻውን በሌላ መቀየር፣ ግድ ይሆናል። ናት ይሠራል፤ ግን ሎግ ላይ የምታዩት አድራሻ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሁልጊዜ ሁለተኛ ሰንጠረዥ ማገላበጥ ይኖርባችኋል። በ10.0.0.0/8 ውስጥ ቦታ ሞልቷል፤ አትቆጥቡ።

ስምም አስቡበት። «ቪአርኤፍ1»፣ «ቪአርኤፍ2» ብላችሁ አትጥሩ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ችግር ሲፈጠር 2 የማን እንደነበረ ማስታወስ ይከብዳል። ቡድኑን የሚገልጽ አጭር ስም ስጡ። ብዙ ዕቃዎች ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደልን ስለሚለዩ ሁሉንም በትልቁ ወይም ሁሉንም በትንሹ ጻፉ። ስሙ በሁሉም ዕቃ ላይ አንድ ይሁን። ቴክኒኩ የግድ አይልም፤ የሚያነበው ሰው ግን ይፈልገዋል።

መፍጠርና ኢንተርፌስ ማስገባት

አሁን ወደ ዕቃው። ግን አንድ ጥንቃቄ ይቅደም። አንድ ጊዜ ከሩቅ ሆኜ ራውተር እያስተካከልኩ፣ እኔ ራሴ የገባሁበትን ኢንተርፌስ ወደ አዲስ ቪአርኤፍ አዛወርኩት። ያን ትዕዛዝ ከሰጠሁ በኋላ ስክሪኑ ቀጥ አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሲስኮ ላይ ኢንተርፌስ ወደ ቪአርኤፍ ሲገባ የነበረው አይፒ አድራሻ ይጠፋል። ዕቃው አድራሻው መነሳቱን የሚናገር መልእክት ያወጣል፤ ግን እኔ ጋ የሚደርስበት መንገድ አብሮ ተነስቶ ነበር። ሰው ሄዶ እስኪያስተካክለው ድረስ ብዙ ሰዎች ያለ ኔትወርክ ቆዩ።

ስለዚህ ከተቻለ በኮንሶል ኬብል ሥሩ። ካልተቻለ የሚመልሳችሁን ነገር አስቀድሙ። ሲስኮ ላይ «ሪሎድ ኢን 10» ብትሉ ከ10 ደቂቃ በኋላ ዕቃው ተነስቶ ወደ ተቀመጠው ኮንፊግ ይመለሳል። ሁሉም ከተሳካ ትሰርዙታላችሁ። እስከዚያ ግን ኮንፊጉን ሴቭ አታድርጉ፤ አለበለዚያ ስህተቱም አብሮ ይቀመጣል። ጁኒፐር ላይ «ኮሚት ኮንፈርምድ» አለ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ካላጸናችሁት ለውጡን ራሱ ይመልሰዋል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

1. ቪአርኤፉን በስሙ ፍጠሩ። በአዲሱ የሲስኮ አጻጻፍ ትዕዛዙ «ቪአርኤፍ ዴፊኒሽን» ነው። ውስጡ ገብታችሁ የአድራሻ ቤተሰቡን፣ ማለትም አይፒ ቨርዥን 4ን ወይም 6ን፣ መክፈት አለባችሁ። ይህን ሰዎች ይረሱታል። ከተረሳ ኢንተርፌሱ ላይ አድራሻ ማስገባት እንቢ ይላል። ጁኒፐር ላይ ደግሞ ነገሩ «ራውቲንግ ኢንስታንስ» ይባላል። ለቀላሉ አሠራር ዓይነቱን «ቨርቹዋል ራውተር» በሉት።

2. የኢንተርፌሱን ነባር አድራሻ ቅዱና ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ። ከጠፋ በኋላ ለማስታወስ አትሞክሩ።

3. ኢንተርፌሱን ወደ ቪአርኤፉ አስገቡ። ሲስኮ ላይ «ቪአርኤፍ ፎርዋርዲንግ» እና የቪአርኤፉ ስም ነው።

4. አድራሻውን መልሳችሁ አስገቡ።

5. «ሾው አይፒ ራውት ቪአርኤፍ» ብላችሁ ስሙን ጨምሩና ቴብሉን እዩ። የራሱን ኔትወርክ ብቻ ማየት አለባችሁ። በዚህ ደረጃ ሌላ ነገር ካያችሁ አንድ ኢንተርፌስ ያለ ቦታው ገብቷል።

ያለ ስም «ሾው አይፒ ራውት» ብትሉ የሚታየው ዋናው ቴብል ብቻ ነው። አዲስ ሰው ቴብሉ ባዶ ሆኖ ሲያይ መንገዱ የጠፋ ይመስለዋል። ፒንግም (ወዲያ ማዶ ያለው መመለሱን የሚሞክረው ትዕዛዝ) እንዲሁ ነው። የቪአርኤፉን ስም ካልጨመራችሁ የሚሄደው በዋናው ቴብል ነው። ሥራ በጀመራችሁ ሰሞን ደጋግማችሁ የምትሳሳቱት ይህን ይሆናል፤ ስሙን መጻፍ ልማድ እስኪሆን ድረስ።

ሁለት ራውተሮችን ማገናኘት

መለየቱ አንድ ራውተር ላይ ብቻ ከቀረ ትርጉም የለውም። ቀጣዩ ፎቅ ላይ ሌላ ራውተር አለ፤ መሃላቸው ያለው ኬብል ግን አንድ ነው። እዚህ ላይ ቪላን ተመልሶ ይመጣል። በኬብሉ ላይ ለእያንዳንዱ ቪአርኤፍ አንድ ሰብኢንተርፌስ (በአንዱ ኢንተርፌስ ውስጥ ያለ ንዑስ ኢንተርፌስ) ይከፈታል። ለቀይ ቪላን 101፣ ለሰማያዊ 102፣ ለካሜራ 103፣ ለጋራ 109 እንበል። ፓኬቱ ቪላን 101 የሚል ምልክት ይዞ ይሻገራል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ራውተር ምልክቱን አይቶ በቀይ ቴብል ያስተናግደዋል። ይህ አሠራር ቪአርኤፍ ላይት ይባላል። ለመካከለኛ ኔትወርክ ከበቂ በላይ ነው።

ሰብኢንተርፌሶቹ ላይ የ/30 ወይም የ/31 ትንንሽ አድራሻዎች ስጡ። ለሁሉም ቪአርኤፍ አንድ ዓይነት አድራሻ መስጠት ይቻላል፤ ቴብሉ የተለያየ ነውና። እኔ ግን አልመክርም። ትሬስራውት (ፓኬቱ ያለፈባቸውን ራውተሮች የሚያሳይ ትዕዛዝ) ስታደርጉ የሚወጣው አድራሻ በየትኛው ቪአርኤፍ እንዳለፋችሁ ሊነግራችሁ ይገባል።

የቪላን ቁጥሮቹ በሁለቱም ጫፍ በትክክል መገጣጠም አለባቸው። በአንዱ ጫፍ 101 ቀይ፣ በሌላው 101 ሰማያዊ ከሆነ ሁለቱን ድርጅቶች በገዛ እጃችሁ አገናኛችኋቸው ማለት ነው። አድራሻው ካልተገጣጠመ ፒንግ ስለማይሠራ ስህተቱ ቶሎ ይታወቃል። ለሁሉም አንድ ዓይነት አድራሻ ከሰጣችሁ ግን ፒንግ ይመልሳል፤ ስህተቱም ተደብቆ ይቀመጣል። የተለያየ አድራሻ የምመክርበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

መንገዶቹን ማሳወቅ

ሁለት ሦስት ራውተር ብቻ ካለ በእጅ የሚጻፍ ስታቲክ መንገድ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ኦኤስፒኤፍ ወይም ቢጂፒ ተጠቀሙ፤ ራውተሮች መንገዳቸውን ራሳቸው የሚነጋገሩባቸው ፕሮቶኮሎች ናቸው። ኦኤስፒኤፍ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቪአርኤፍ የራሱ ፕሮሰስ ይከፈታል።

እዚህ ጋ ቀን የሚበላ አንድ ወጥመድ አለ። ኔትወርካችሁ ከኤምፒኤልኤስ (ፓኬትን በሌብል የሚያሻግር አሠራር) አገልግሎት ሰጪ ጋር በኦኤስፒኤፍ ከተገናኘ፣ ከዚያ በኩል የሚመጡት መንገዶች ዲኤን ቢት የሚባል ምልክት ይይዛሉ። ምልክቱ የተሠራው መንገዱ ዞሮ ወደመጣበት እንዳይመለስ ነው። ሲስኮ ራውተር ኦኤስፒኤፍ በቪአርኤፍ ውስጥ ሲሠራ ራሱን እንደ አገልግሎት ሰጪ ራውተር ይቆጥራል። ስለዚህ ምልክቱ ያለበትን መንገድ አይቀበልም። የችግሩ መገለጫ ግልጽ ነው፦ መንገዱ በኦኤስፒኤፍ ዳታቤዝ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይታያል፤ ራውቲንግ ቴብል ውስጥ ግን የለም። መፍትሔው በዚያ ፕሮሰስ ውስጥ «ኬፓቢሊቲ ቪአርኤፍ-ላይት» የሚለውን መጻፍ ነው። አንድ መስመር ናት። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ግን ኬብል ሲቀያይር ይውላል።

አለመገናኘታቸውን ማረጋገጥ

ብዙ ሰው ሥራውን ጨርሻለሁ የሚለው ሁሉም ሲሠራ ነው። ለዚህ ሥራ ይህ ግማሽ ፈተና ነው። መሥራት የሌለበት ነገር አለመሥራቱን ማየት አለባችሁ።

ፈተናውን ከራውተሩ ላይ ብቻ አታድርጉት። ላፕቶፕ ይዛችሁ ቀይ ሶኬት ላይ ሰኩና ሦስት ነገር ሞክሩ። መጀመሪያ ሰማያዊ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ፒንግ አድርጉ። ቀጥላችሁ የራውተሩን የራሱን የሰማያዊ ኢንተርፌስ አድራሻ፣ በእኛ ምሳሌ 10.2.0.1ን፣ ሞክሩ። ይህን ሰዎች ይዘሉታል፤ ኮምፒውተሮቹ ተለይተው ራውተሩ ራሱ ከሁሉም አቅጣጫ የሚመልስበት ጊዜ ግን አለ። በመጨረሻ ወደ 10.2.0.0/16 ትሬስራውት አድርጉና የመጨረሻው መልስ ከየት እንደመጣ እዩ። ከመጀመሪያው ራውተር ከሆነ ጥሩ ነው። ከሩቅ፣ ለምሳሌ ከፋየርዎሉ ከሆነ፣ ፓኬታችሁ የማያውቀውን አገር ሊፈልግ ወጥቶ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ነገር አሁን ወደታች እንነጋገራለን።

ፒንግ ስላልመለሰም ብቻ አትርኩ። ኮምፒውተሩ ፒንግን የሚዘጋ ፋየርዎል ሊኖረው ይችላል። ያው ኮምፒውተር ከራሱ ቪአርኤፍ ሲሞከር የሚመልስ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የጋራ አገልግሎት፦ በር የሚከፈትበት ቦታ

ሙሉ በሙሉ የተለየ ኔትወርክ በወረቀት ላይ ነው ያለው። ቀይም ሰማያዊም ዲኤንኤስ ይፈልጋሉ። ሁለቱም ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከአንዱ ቪአርኤፍ ወደ ሌላው የተወሰነ መንገድ ማሳወቅ የግድ ነው። በሙያው ቋንቋ ራውት ሊኪንግ ይባላል። ከላይ ያልኩት አለማወቅ የሚሰበረውም እዚሁ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንሂድ።

ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ስታቲክ ነው። በቀይ ቴብል ውስጥ «ወደ 10.9.0.0/24 የሚወስደው በዚህ ኢንተርፌስ ነው» ብላችሁ የጋራውን ኢንተርፌስ ትጠቁማላችሁ። ለአንድ ሁለት መንገድ ይሆናል። መመለሻውን ግን አትርሱ። የጋራው ቴብልም ወደ 10.1.0.0/16 እንዴት እንደሚመለስ ማወቅ አለበት። ፓኬቱ ሄዶ መልሱ ካልመጣ፣ ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ የጎደለው የመመለሻው መንገድ ነው ብዬ ነው ፍለጋ የምጀምረው።

ሁለተኛው በቢጂፒ በኩል ነው። ጎረቤት ራውተር ባይኖርም ቢጂፒን እዚያው ራውተር ላይ ማስነሳት ይቻላል። እዚህ ሁለት ቃላት ይመጣሉ፤ ሰዎች ሁልጊዜ ያምታቷቸዋል። ራውት ዲስቲንጉዊሸር ባለ 64 ቢት ቁጥር ነው። ከአይፒ አድራሻው ፊት ተለጥፎ የቀይን 192.168.1.0 ከሰማያዊው 192.168.1.0 ይለያል። ከዚህ ያለፈ ሥራ የለውም። ራውት ታርጌት ደግሞ መንገዱ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ነው። ማን ምን ምልክት ለጥፎ እንደሚያወጣ፣ ማን ምን ምልክት ያለበትን እንደሚያስገባ የሚወስነው እሱ ነው። ባጭሩ የመጀመሪያው ስም ነው፤ ሁለተኛው የመግቢያ ወረቀት ነው።

በምሳሌያችን ቀይ 65000:1 ለጥፎ ያወጣል። ሰማያዊ 65000:2። የጋራው 65000:9። ቀይና ሰማያዊ 9ን ብቻ ያስገባሉ። የጋራው 1ንም 2ንም ያስገባል። ቀይ የሰማያዊን መንገድ በጋራው በኩል አያገኝም፤ የጋራው ከሌላ ያስገባውን መንገድ መልሶ አያወጣውምና። ውጤቱ ሁሉም ከመሃሉ ጋር ይነጋገራል፣ ዳርና ዳር ያሉት እርስ በርስ አይነጋገሩም። ካሜራዎቹ ሰዓት ብቻ ስለሚፈልጉ እነሱንም በዚሁ መንገድ ማስገባት ይቻላል። ኢንተርኔት ግን አትስጧቸው።

አሁን ወደ ትልቁ ወጥመድ። ቀይና ሰማያዊ ኢንተርኔት እንዲያገኙ ዲፎልት ራውት ትሰጧቸዋላችሁ። ዲፎልት ራውት ማለት «የማላውቀውን ሁሉ ወደዚያ» ማለት ነው። የቀይ ኮምፒውተር ወደ 10.2.0.50 ፓኬት ይልካል። ቀይ ቴብል ውስጥ 10.2 የለም። ድሮ ቢሆን ፓኬቱ እዚያው ይወድቅ ነበር። አሁን ግን ዲፎልቱን ይዞ ወደ ኢንተርኔት ፋየርዎሉ ይሄዳል። ፋየርዎሉ የሁለቱንም መልስ መመለስ ስላለበት ቀይንም ሰማያዊንም ያውቃል። ክልከላ ካልተጻፈበት ፓኬቱን አዙሮ ወደ ሰማያዊ ይልከዋል። መልሱም በዚሁ መንገድ ይመለሳል። ራውተሩ ላይ ያለው ኮንፊግ እንከን የለውም፤ ሁለቱ ድርጅቶች ግን ይገናኛሉ።

መዝጊያው ቀላል ነው፤ ሁለቱንም አድርጉት። በቀይም በሰማያዊም ቴብል ውስጥ 10.0.0.0/8ን ወደ ነል ኢንተርፌስ (የገባበትን ፓኬት ሁሉ የሚጥል) የሚልክ መንገድ ጻፉ። ራውተር ሁልጊዜ ይበልጥ ጠባብ የሆነውን መንገድ ስለሚመርጥ የራሳቸው 10.1.0.0/16 እና የጋራው 10.9.0.0/24 እንደነበሩ ይሠራሉ። የተቀረው በ10 የሚጀምር አድራሻ በሙሉ እዚያው ይወድቃል፤ ዲፎልቱ ጋ አይደርስም። 172.16.0.0/12ንና 192.168.0.0/16ንም እንዲሁ አድርጉ። ፋየርዎሉ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቪአርኤፍ የተለየ ሰብኢንተርፌስና ዞን ስጡ፤ ከዞን ወደ ዞን ማለፍን ዝጉ። ከዚያ ያንን የላፕቶፕ ፈተና ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ድገሙት። ዲፎልት ራውት ከመጨመሩ በፊት የተደረገ ፈተና አሁን ዋጋ የለውም።

የጋራው ውስጥ ያሉትን ሰርቨሮችም በዚሁ ዓይን እዩዋቸው። አንድ ሰርቨር ሁሉንም ያያል፣ ሁሉም ያየዋል። እሱ ላይ የርቀት መግቢያ ከፍታችሁ ለሁለቱም ድርጅት አካውንት ከሰጣችሁ፣ አንዱ ገብቶ በእሱ በኩል ወደ ሌላው መሻገር ይችላል። ስለዚህ ከየቪአርኤፉ ወደ ጋራው የሚገባውን በሚያስፈልገው ፖርት ብቻ ወስኑት፤ ለዲኤንኤስ 53፣ ለሰዓት 123። እዚህ ላይ አክሰስ ሊስት ቦታዋን ታገኛለች። ዝርዝሯ አጭር ነው፤ ለማንበብም ትመቻለች።

የራውተሩ የራሱ ጉዳዮች

ራውተሩ ራሱም ሰዓት ይጠይቃል፣ ሎግ ይልካል፣ ተጠቃሚ ያረጋግጣል። እነዚህ በነባሪነት የሚወጡት በዋናው ቴብል ነው። የማስተዳደሪያ ኢንተርፌሱን ወደ ራሱ ቪአርኤፍ ካዛወራችሁ ሁሉም በአንዴ ይቆማሉ፤ ሎግም ስለቆመ የሚነግራችሁ የለም። ለሰዓት፣ ለሎግ፣ ለኤስኤንኤምፒ (የዕቃውን ሁኔታ መከታተያ)፣ ለተጠቃሚ ማረጋገጫና ለፋይል ቅጂ በየአንዳንዱ ትዕዛዝ ላይ የቪአርኤፉን ስም ጨምሩ። ዲኤችሲፒ ሪሌይም (የኮምፒውተሮችን የአድራሻ ጥያቄ ወደ ሰርቨር የሚያደርሰው) የሰርቨሩን ቪአርኤፍ መንገር ይፈልጋል።

ማስተዳደሪያውን በራሱ ቪአርኤፍ ማድረግ ግን አጥብቄ የምመክረው ነው። ሌላውን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ ባይኖራችሁ እንኳ ይህን አድርጉ። የእንግዳ ስልክ ከራውተሩ የመግቢያ ገጽ ጋር የሚገናኝበት ምንም ምክንያት የለም።

ሊኑክስ ላይ

ውድ ዕቃ የሌላቸው ሰዎች አይቀሩ። የሊኑክስ ከርነል ከ4.3 ጀምሮ ቪአርኤፍ አለው። ለመለማመድ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ሁለት የኔትወርክ ካርድ ይበቃል።

አሠራሩ አንድ ነው። «አይፒ ሊንክ አድ» በሚለው ትዕዛዝ ቀይ የሚባል ዲቫይስ ፍጠሩ፤ ዓይነቱን ቪአርኤፍ፣ ቴብሉን 10 በሉ። ዲቫይሱን አንሱት። ከዚያ የኔትወርክ ካርዱን «ማስተሩ ቀይ ነው» በሉት። የአይፒ ቨርዥን 4 አድራሻው አይጠፋም፤ የራሱ ኔትወርክ መንገድም ራሱ ወደ ቴብል 10 ይዛወራል። በዚያ ካርድ በኩል በእጅ የጻፋችኋቸው ሌሎች መንገዶች ግን ይወድቃሉ፤ እንደገና ጻፏቸው። የአይፒ ቨርዥን 6 አድራሻም ሊጠፋ ስለሚችል አረጋግጡ።

ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ቴብል 10 ውስጥ በጣም ከፍተኛ ሜትሪክ (ከፍ ሲል ተመራጭነቱ የሚቀንስ ቁጥር) ያለው «አንሪቸብል»፣ ማለትም «አይደረስም» የሚል፣ ዲፎልት አስገቡ። የከርነሉ መመሪያ የሚጠቀመው ቁጥር 4278198272 ነው። ይህ ከሌለ ሊኑክስ በቀይ ቴብል ያጣውን መንገድ ዋናው ቴብል ውስጥ ይፈልገዋል፤ መለየቱም ይፈርሳል። ሁለተኛ፣ የኮምፒውተሩ የራሱ አድራሻዎች የሚታዩበት የሎካል ሕግ ቅድሚያው 0 ስለሆነ ከሁሉም ይቀድማል። ወደ 32765 አውርዱት። አዲሱን ሕግ አስገብታችሁ ከዚያ አሮጌውን ሰርዙ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ከኮምፒውተሩ ጋር ያላችሁ ግንኙነት ይቋረጣል።

አንድን ፕሮግራም በቀይ ውስጥ ለማስኬድ «አይፒ ቪአርኤፍ ኤግዜክ ቀይ» ብላችሁ የፕሮግራሙን ትዕዛዝ አስከትሉ። ለፒንግም ለሌላውም ይሠራል። ስሙን እዚህ በአማርኛ ጻፍኩት እንጂ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል አድርጉት።

ቪአርኤፍ የማይሠራው

ቪአርኤፍ ምስጢር አይጠብቅም። በኬብሉ ላይ የሚያልፈው ሁሉ እንደነበረ ነው የሚያልፈው፤ መሃል ገብቶ የሚያዳምጥ ሰው ያነበዋል። ኬብሉ በሌላ ሰው ግቢ የሚያልፍ ከሆነ አይፒሴክ ወይም ማክሴክ የሚባል ማመስጠሪያ ጨምሩበት።

የመስመር ፍጥነትንም አይከፍልም። ሰማያዊ ትልቅ ባክአፕ ሲያወርድ ቀይ ይንቀራፈፋል፤ ኬብሉ አንድ ነውና። ለዚያ ኪውኦኤስ፣ ማለትም ለትራፊክ ቅድሚያና ድርሻ መስጠት፣ ያስፈልጋል። ራውተሩ ከተቃጠለም ሁሉም አብረው ይወድቃሉ። ቡድኖቹ የግድ አብረው መውደቅ የሌለባቸው ከሆነ የተለየ ዕቃ ይገዛላቸው።

ሲያድግ

አምስት ቪአርኤፍና አሥር የራውተር ግንኙነት ካላችሁ በእያንዳንዱ ግንኙነት በሁለቱም ጫፍ አምስት አምስት፣ በድምሩ 100 ሰብኢንተርፌስ ትጽፋላችሁ። 50 የኦኤስፒኤፍ ጉርብትናም ትከታተላላችሁ። አንድ ቪአርኤፍ በተጨመረ ቁጥር በመሃል ያሉትን ራውተሮች ሁሉ መንካት አለባችሁ። እዚህ ስትደርሱ ቪአርኤፍ ላይትን ትታችሁ ወደ ኤምፒኤልኤስ ሂዱ። በ2006 በወጣው አርኤፍሲ 4364 የተቀመጠው አሠራር ይኸው ነው። መሃል ያሉት ራውተሮች ስለ ቪአርኤፉ ምንም ሳያውቁ በሌብል ብቻ ያሻግራሉ። ፓኬቱ ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሌብል፣ ማለትም 8 ባይት፣ ስለሚጨመር በመሃሉ መስመር ላይ ኤምቲዩውን (ማለፍ የሚችለውን ትልቁን የፓኬት መጠን) ከፍ አድርጉ። ትንሹ ፒንግ እየሄደ ትልቅ ፋይል የሚንጠለጠል ከሆነ መጀመሪያ እሱን እዩ። ራውት ዲስቲንጉዊሸሩና ራውት ታርጌቱ እዚያም እንደዚሁ ናቸው፤ ለጋራ አገልግሎት የለመዳችኋቸውን ቁጥሮች ይዛችኋቸው ትሄዳላችሁ። ያንን የወረቀት ሰንጠረዥም አትጣሉት፤ አዲስ ቡድን ሲመጣ መጀመሪያ የሚጻፈው እሱ ላይ ነው።